ውሃው ያላፈረሰው መጋዘን

የዚያች ከተማ ስም ወደ እኛ አልደረሰም። ወሬዋን ያወረሱን አባቶች ወንዟን እንጂ ስሟን አያነሡም። ከቆላ ጨው የሚወጣላት፣ ከደጋ እህል የሚወርድላት፣ ሦስት መስጂድና አንድ ሰፊ ገበያ የነበራት አሮጌ ከተማ ነበረች ይላሉ። ዳገቱ ላይ ያለው የላይኛው ሰፈር ቤቱ ሁሉ የድንጋይ ነው። የታችኛው ሰፈር ግን የጭቃ ነው፤ ከወንዙም ጋር ጉርብትና ነበረው።

በታችኛው ሰፈር ሼህ ዙበይር የሚባሉ ሽማግሌ የጨው ነጋዴ ይኖሩ ነበር። ኪታብ የቀሩ፣ ሃይማኖት የተማሩ ሰው ናቸው፤ ሰው ግን ከዒልማቸው፣ ከእውቀታቸው ይልቅ ንግዳቸውን ነበር የሚያወራው። ጨው እርጥበት ሲነካው ሚዛን ይደፋል። ሼህ ዙበይር ታዲያ በክረምት ጨው የሚሸጡት ፀሐይ በወጣች ቀን አስጥተው፣ አድርቀው ነበር። ፀሐይ ካልወጣች፣ "ዛሬ ያለኝ ጨው ሳይሆን ውሃ ነው፤ ነገ ተመለስ" ብለው ገዢውን ይሸኙታል።

በላይኛው ሰፈር ደግሞ ሐጂ ጧሂር የሚባል ሌላ የጨው ነጋዴ ነበረ። ሐጂ ጧሂር ክፉ ሰው አልነበረም። ሰላቱን በወቅቱ ይሰግዳል፣ ዘካውን ያወጣል፣ ሐጁንም ግማሹን መንገድ በእግሩ ሄዶ ፈጽሟል። አንዲት በሽታ ግን ነበረችበት፤ ሐሰድ፣ ማለትም ቅናት። ሐሰዱም ለሰው ሁሉ አልነበረም። ለአንድ ሰው ብቻ ነበር።

ሃያ ዓመት ሙሉ ሁለት ሰዎች በድንበር ሲጣሉ በሐጂ ጧሂር በር አልፈው፣ ዳገቱን ወርደው ሼህ ዙበይር ዘንድ ሲሄዱ ያያል። ገዢ ወደ ሱቁ ሲገባ፣ "የሼሁስ ስንት ነው?" ይለዋል። መንገደኛ ነጋዴ አማናውን፣ የአደራ ገንዘቡን ሲያስቀምጥ የሚያስቀምጠው ከዚያ ከጭቃ ቤት ነው። "የእኔ ቤት ድንጋይ ነው፤ በሬም ብረት ነው" ይላል ሐጂ ጧሂር በሆዱ። "ታዲያ እኚህ ሰው ከእኔ በምን ይበልጣሉ?" መልሱን ስለማያውቀው ጥያቄው እንደ አጥንት ጉሮሮው ላይ ቀርቶ ነበር።

በአንድ ክረምት ዝናቡ ስድስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። በሰባተኛው ቀን ከዙህር፣ ከቀትር ሰላት በኋላ ወንዙ ሞልቶ ታችኛውን ሰፈር ገባበት። በአላህ እዝነት ሰዉ ቀድሞ ወደ ዳገቱ ወጥቶ ነበርና ነፍስ አልጠፋም። ቤቱ ግን እንደ ስኳር ሟሟ። የሼህ ዙበይር መኖሪያ ከአራት ግድግዳው አንድም አልቀረለትም። ቤት ውስጥ የተከመረው የዓመት ጨዋቸውም አብሮ ሄደ። የታችኛው ሰፈር ሰው በሐዘኑ መካከል እንኳ፣ "ዘንድሮ ዓሣው ጨው ሳይነሰነስበት ይበላል" ብሎ ቀለደ።

ሐጂ ጧሂር ከሰገነቱ ሆኖ አየ። መጀመሪያ እንደ ሰው ሁሉ ደነገጠ። ቀጥሎ ግን ከሆዱ ሥር አንዲት ደስታ ብቅ አለች። "አስተግፊሩላህ" ብሎ ሊያባርራት ሞከረ፤ አልሄደችም።

ያቺም ደስታ ብትሆን ሳምንት አልዘለቀችለትም። ጎርፉ በጎደለ በሦስተኛው ቀን ሰዉ ድንጋይና እንጨት እየተሸከመ፣ መንዙማ እያለ የሼህ ዙበይርን ቤት ሊሠራ ወረደ። የላይኛው ሰፈር ሰው ሳይቀር ወረደ። ሐጂ ጧሂር ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሰልፉ ሲያልፍ እያየ፣ "ሌላው ሰው ሲከስር ይረሳል፤ እሳቸው ሲከስሩም ይከበራሉ!" አለ።

ከዚያም የአሚሩ አዋጅ ታወጀ። በከተማይቱ ቤትና መጋዘን ያለው ሁሉ በየዓመቱ የቤት ግብር ይከፍል ነበር። አሚሩ የታችኛውን ሰፈር መጎዳት ሰምቶ፣ "ውሃ ያፈረሰው ቤት የሦስት ዓመት ግብር ተምሮለታል። ባለቤቱ በእጁ ያፈረሰው ግን አይማርም" ብሎ ነጋሪት አስመታ። የኋለኛዋን ቃል የጨመረው በከንቱ አልነበረም። አዋጁ ገና በወሬ ሳለ ደህናውን ግድግዳ በዶማ መነቅነቅ የጀመሩ ሰዎች ነበሩ።

ሐጂ ጧሂር ዶማ አላነሣም። ግን በዚያ ቀን ወደ ጓሮ ወጥቶ የቤቱን ግድግዳ ዙሪያውን አየው። የፀጉር ያህል ስንጥቅ አልነበረበትም።

"ምን ትፈልጋለህ?" አለችው ሚስቱ ሩቅያ።

"ምንም። ይህ ቤት ዘንድሮም ሙሉ ግብር ይከፍላል።"

"አልሐምዱሊላህ በላ! ሰው ቤቱ ስለ ዳነ ያዝናል?"

"እኔ እየከፈልኩ እሳቸው ሊማሩ ነው እኮ።"

ሩቅያ ትክ ብላ አየችው። "እሳቸው ዘንድ ማደሪያ የለም፤ አንተ ዘንድ አለ። እንለዋወጥ ብትላቸው እሺ የሚሉህ ይመስልሃል? አንተስ ትላለህ?" ብላው ወደ ቤት ገባች። እሱ ግን ከግድግዳው አጠገብ ብዙ ቆመ።

የከተማይቱ ዳኛ፣ ቃዲው፣ የተጎዳውን ቤት እንዲያስመዘግብ ታዝዞ ነበርና ጸሐፊው ሙኽታር በየሰፈሩ እየዞረ ጻፈ። እሑድ ማምሻውን ጸሐፊው ወደ ቤቱ ሲመለስ በሐጂ ጧሂር ሱቅ በኩል አለፈ፤ በወሬ መካከልም፣ "የሼህ ዙበይር ያሳዝናል፤ መኖሪያውም መጋዘኑም ሁለቱም ፈርሰው አየሁ፤ ሁለቱንም ጻፍኩላቸው" አለ።

የሐጂ ጧሂር ልብ ዘለለች። መጋዘኑን ውሃ አላፈረሰውም! ከጎርፉ ሃያ ቀን በፊት ሼህ ዙበይር አዲስ ሊሠሩ ብለው ሠራተኛ ቀጥረው ያስፈረሱት ነው። ሐጂ ጧሂር በዚያ ሲያልፍ ሠራተኞቹ ጣራውን ሲያወርዱ በዓይኑ አይቷል። ጨዋቸውን መኖሪያ ቤት ውስጥ የከመሩትም ለዚሁ ነበር። ሼሁ ያን ሰሞን ወባ ይዟቸው መስጂዱ በረንዳ ላይ ተኝተው ነበርና ጸሐፊውን አላገኙትም። ጸሐፊው ሁለት የጭቃ ክምር አይቶ ሁለት ጻፈ።

ይህን ሐጂ ጧሂር አላሰበውም። ያሰበው ሌላ ነው። "ሃያ ዓመት! አንድ ጊዜ እንኳ ሲሳሳቱ ላያቸው ሃያ ዓመት ጠበቅኩ።" ለጸሐፊው በዚያው ሊነግረው ይችል ነበር። ወደ ሼሁ ወርዶ ሊያስታውሳቸውም ይችል ነበር። ምላሱን ነክሶ ዝርዝሩ በሕዝብ ፊት የሚነበብበትን ዓርብ ጠበቀ።

ዓርብ ጁምዓ ከተሰገደ በኋላ ቃዲ አብዱልባሲጥ በመስጂዱ ግቢ መዝገቡን ይዞ ተቀመጠ። ሼህ ዙበይር ከሕመማቸው ተነሥተው ጎኑ ተቀምጠዋል። ግቢው ከአጥር እስከ አጥር ሰው ነው።

"አሁን ዝርዝሩ ይነበባል" አለ ቃዲው። "ያላግባብ የገባ ካለ፣ ያላግባብ የቀረም ካለ፣ ሁላችሁም ምስክር ናችሁ።"

ሐጂ ጧሂር እስኪነበብ አልታገሠም። ብድግ አለ።

"ቃዲ ሆይ፣ አስቀድሜ የምናገረው አለኝ። የአሚሩ ምሕረት ውሃ ላፈረሰው ነው። የሼህ ዙበይርን መጋዘን ግን ውሃ አላፈረሰውም። ጎርፉ ሳይመጣ ራሳቸው ናቸው ያስፈረሱት፤ በዓይኔ አይቻለሁ። መጋዘኑ ግን ውሃ ካፈረሳቸው ጋር ተጽፎላቸዋል። ይህ የበይተልማል፣ የሕዝብ ግምጃ ቤት ሐቅ ነው፤ የድሃ ሐቅ ነው። ዝም ብል አላህ ይጠይቀኛል።"

ቃዲው መዝገቡን ገለጠና ሊናገር አፉን ከፈተ። በዚህ ጊዜ ሼህ ዙበይር እጃቸውን ጉልበቱ ላይ አሳርፈው ወደ ጆሮው ዘንበል አሉ፤ አንድ ነገርም አሉት። ቃዲው አፉን መልሶ ዘጋ። ሐጂ ጧሂር ይህን አየ። "እየለመኑት ነው" ብሎ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

ሼህ ዙበይር በዱላቸው ተደግፈው ቆሙ።

"ሐጂ ጧሂር እውነቱን ነው" አሉ። "መጋዘኑን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ምሕረቱ አይመለከተኝም፤ ግብሩን እከፍላለሁ። ሐጂ፣ ለሐቅ ቆመሃልና አላህ ኸይርህን ይክፈልህ።"

ይህን ብለው ተቀመጡ። ቃዲውም ማንበብ ጀመረ፤ ሼህ ዙበይር ላይ ሲደርስ፣ "መኖሪያ ቤት አንድ" ብሎ አለፈ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ከተማይቱ በሹክሹክታ ተሞላች። "ሼሁ እንኳ?" ይላል አንዱ። "ሰው ሲቸግረው ምን የማያደርገው አለ" ይላል ሌላው። አማና ያስቀመጡ ሁለት የሩቅ አገር ነጋዴዎች ሰበብ ፈጥረው አማናቸውን ወሰዱ። ድንጋይ ሊሸከም ይወርድ የነበረው ሰው እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ሼህ ዙበይር ከሁለት ጎረቤታቸው ጋር ብቻ ቀሩ። ግብሩንም ለመክፈል በቅሏቸውን ወደ ገበያ አወጧት። ሐጂ ጧሂር ሳይከራከር ገዛት።

በላይኛው ሰፈር ሐጂ ጧሂር ሰው ሆነ። ሁለት ወንድማማቾች በውርስ ተጣልተው ወደ እሱ መጡ። በመስጂድም ከፊት ቦታ ይለቁለት ጀመር። ነገር ግን ቅናት እንዲህ በቀላሉ አትጠግብም። በበቅሏ ተቀምጦ ገበያውን ሲያቋርጥ ሰዉ በቅሏን አይቶ፣ "ይቺ የሼህ ዙበይር በቅሎ አይደለችም?" ይላል። ከላይ የተቀመጠውን ማንም አያነሣም። በየሁለት ቀኑም ምክንያት ፈልጎ ወደ ታችኛው ሰፈር ይወርዳል። የሚወርደው ሼሁ አንገታቸውን ደፍተው እንደሆነ ለማየት ነው። ሼህ ዙበይር ግን ጭቃ በጭቃ ሆነው፣ ከግድግዳቸው ቀና ብለው፣ "ወዓለይኩም ሰላም ሐጂ፣ ቤተሰብ ደህና?" ይሉታል። እንደ ድሮው ነው። ያ ነው የሚያቃጥለው።

የግብር መክፈያው ጊዜ ሲደርስ ሐጂ ጧሂር የራሱን ሊከፍል ወደ ቃዲው ቢሮ ሄደ። ጸሐፊው ሙኽታር መዝገቡን ሲያገላብጥ የታችኛው ሰፈር ገጽ ተገለጠ። ከሼህ ዙበይር ስም ሥር አንዲት የተሰረዘች መስመር ነበረች።

"ይቺን ያሰረዝኳት እኔ ነኝ" አለ ሐጂ ጧሂር ጺሙን እየዳበሰ።

ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። "አይ ሐጂ" አለ። "ቀኑን ይመልከቱት። የተሰረዘችው ማክሰኞ ነው። እርስዎ የተናገሩት ዓርብ።"

"ምን ማለትህ ነው?"

"ሼሁ ማክሰኞ ጠዋት እዚሁ በር ላይ ደረሱ። ወባው ገና አልለቀቃቸውም፤ ይንቀጠቀጡ ነበር። 'ልጄ፣ ሁለት ክምር አይተህ ሁለት ጽፈሃል አሉ፤ አንደኛውን ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ ሰርዘው' አሉኝ። ሰረዝኩ። ቃዲውም አይተው ፈረሙበት።"

"ታዲያ ዓርብ ዕለት ቃዲው ለምን አልተናገረም?"

"ሊናገሩ ነበር። ሼሁ ከለከሏቸው። ኋላ ምን እንዳሏቸው ቃዲውን ጠየቅኳቸው። 'ሐጂ ጧሂር በጀመዓው ሕዝብ ፊት ቆሟል፤ ተወው በክብር ይቀመጥ' ነው ያሉኝ አሉ።"

ሐጂ ጧሂር ግብሩን ከፍሎ እንዴት ቤቱ እንደደረሰ አላወቀም። እስከዚያ ቀን የቀናበት ሁሉ የሚታይ ነገር ነበር፤ ገበያ፣ ሰላምታ፣ ሰልፍ። አሁን የቀናበት ማንም ያላየው ነገር ሆነ፤ ይህም ከሁሉ የበለጠ ፈጀው። ቀምቼ ወሰድኩት ያለው ክብር ለካ ሰደቃ፣ ምጽዋት ነበር። እሱ፣ የድንጋይ ቤት ባለቤት፣ ቤት ከሌለው ሰው ሰደቃ ተቀባይ ሆኖ ሁለት ወር ሙሉ ሲኩራራበት ከርሟል።

ለሩቅያ ነገራት። ሳታቋርጠው ሰማችውና፣ "የሰጡህን መልስላቸው" አለች።

"ምኑን? በቅሏን?"

"በቅሏንስ ገዝተሃታል" አለች።

በማግሥቱ በእግሩ ወረደ። ይቅርታ ሊል አልነበረም የወረደው፤ ሊጣላ ነበር። ሼህ ዙበይር ብቻቸውን ግድግዳ ይመርጋሉ።

"ለምን አዋረዱኝ?" አለ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም።

"ማን አዋረደህ?"

"ማክሰኞ መሰረዝዎን ሰማሁ። ማንም ሳያውቅ አዋረዱኝ! አንዲት ቃል ቢናገሩ እኮ እኔ በዚያች ዕለት አልቄ ነበር።"

"እንዳታልቅ ነዋ" አሉ ሼሁ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው፣ "ሐጂ፣ ጭቃው እየደረቀብኝ ነው። እስቲ አቀብለኝ" አሉት።

ሐጂ ጧሂር እጅጌውን ሰብስቦ አቀበለ። አንድ ግድግዳ ሲያልቅ ሐጂ ጧሂር ዓይኑን ከጭቃው ሳያነሣ፣ "እቀናብዎታለሁ" አለ። "ሃያ ዓመቴ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ያውቁ ነበር?"

"ሰላም ስትለኝ አፍህ ይመጣል፤ እጅህ አይመጣም ነበር። እኔም ሰው ነኝ ሐጂ፤ ያን ዕለት ዝም ማለቱ ቀላል እንዳይመስልህ። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረ። የያዝኩት የቃዲውን ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ራሴንም ነው።"

ሐጂ ጧሂር ይህን ሲሰማ አለቀሰ። ሃያ ዓመት ሙሉ የቀናበት ሰው ደግነት ያለ ልፋት የተሰጠው ይመስለው ነበርና።

"ለጀመዓው እነግራለሁ" አለ።

"ተወው። አልፏል።"

"በአደባባይ ነው የወሰድኩት፤ በአደባባይ ካልመለስኩት ሐራም ሆኖ ይቀርብኛል።"

ሼህ ዙበይር ከዚህ በኋላ አልከለከሉትም። የራስን ሐቅ መተው ይቻላል፤ ሌላው ዕዳውን እንዳይከፍል መከልከል ግን ሌላ ነው።

በሚቀጥለው ጁምዓ ሐጂ ጧሂር በዚያው ግቢ ቆመ። "መጋዘኑን ሼሁ ራሳቸው ማስፈረሳቸው እውነት ነው፤ እኔ ግን የተናገርኩት ለሐቅ ብዬ አልነበረም" አለ። "ለሐሰዴ ብዬ ነው። ሼሁ ከእኔ ቀድመው፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ታምመው ሄደው አሰርዘውት ነበር። መዝገቡን እዩ፣ ቃዲውን ጠይቁ። እኔ ባዶ ነገር ይዤ ነው የቆምኩት፤ እሳቸው ሸፈኑኝ።" ቃዲው መዝገቡን አንሥቶ ለሁሉም አሳየ። ግቢው ውስጥ አንገቱን ያልደፋ አልነበረም፤ ከሐጂ ጧሂር ይልቅ ያፈሩት ድንጋይ መሸከም የተዉት ናቸው።

ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ፣ "ሼህ ዙበይር፣ ለምን ዝም አሉ? ስምዎ ሲጠፋ፣ አማናዎ ሲወሰድ፣ በቅሎዎ ስትሸጥ እንዴት አስቻለዎት?" ብሎ ጠየቃቸው።

ሼህ ዙበይር እንዲህ አሉ፦

"ውሃ ቤት ሲያፈርስ አሚሩ ይምራል። ሰውን ያፈረሰ ግን ግብሩን ማን ይምረዋል?"

አባቶች ሐጂ ጧሂር ከዚያ ወዲያ ቅናቱ ድራሹ ጠፋ አይሉም። ሐሰድ በአንድ ጁምዓ አትነቀልም። ይልቁንም በሼህ ዙበይር ላይ እየቀና ኖረ፤ ግን በገበያቸው መቅናቱን ትቶ በሥራቸው ነበር የሚቀናው ይላሉ። በክረምትም ጨው አስጥቶ መሸጥ ጀመረ። የመጀመሪያው ዓመት ከስሮበታል።

የሼሁን ቃል ስንመረምር ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ሼህ ዙበይር አልዋሹም። የበይተልማልን ሐቅም አልሸሸጉም፤ እሱንማ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ እየታመሙ ሄደው ነው የመለሱት። የሌላ ሰው ሐቅ ቢሆን ኖሮ ዝም ማለት ወንጀል በሆነባቸው ነበር። የተዉት የራሳቸውን ነው፤ ማሸነፍን። ሰው ሲከሰስ እውነት መናገር ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ የሚበልጠው ግን ከሳሹን የሚጥለው እውነት በእጃችን እያለ እጃችንን መሰብሰብ ነው። የእኛ ነገር እኮ ተቃራኒው ሆኗል። ወንድማችን ተሳስቶ ሲቆም አንዲት ማስረጃ ካገኘን ሰው እስኪሞላ ጠብቀን ነው የምናወጣት።

ከሁሉም በፊት ደግሞ የሐጂ ጧሂርን ጓሮ እናስታውስ። ጎረቤቱ ሜዳ ላይ ቀርቶ እሱ በደህና ግድግዳው ተቆጨ። ለተጎዳ ሰው እህል ሲታደል፣ ግብር ሲማር፣ "ለእኔስ?" የምትለዋ ድምፅ በየቤታችን አለች። ጤነኛ ሆነን በታማሚው መጦር፣ ቤት ኖሮን ቤት ለፈረሰበት በተሰጠው ሸራ የምንቀና ስንቶች ነን? ድምፅዋን ከነአካቴው ማጥፋት ባንችል እንኳ እንደ ሩቅያ የሚመልስላት ሰው አላህ አያሳጣን። እስከዚያው ግን ዛሬ ከመስጂድ ስንወጣ፣ ገና በሩ ላይ፣ የምንቀናበትን ሰው ፈልገን ሰላም እንበለው፤ እጃችንም ይምጣ።